ወይዘሪት ለምን ገረጣች?

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ያየችው የታችኛውን ቅጠል ነው። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ቆርጣ ጣለችውና ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች፤ በእጇ የሙሽራ ቀሚስ ይዛ ለቅጠል የሚሆን ጊዜ አልነበራትም። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ቅጠል ገረጣ። ከዚያ ሌላ።

አትክልቷ የእናቷ ነበረች። ቅጠሏ እንደ ትሪ የሰፋ፣ ሙቀትና ዝናብ ከማይለየው ጫካ የመጣች ዘር ናት ይባላል። እናቷ በሚያብረቀርቅ ማሰሮ ተክለዋት፣ ሲሳሱላት ኖረው፣ "ወይዘሪት" የሚል ስም አወጡላት። እሳቸው ካረፉ በኋላ አባቷ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዱት ጡረተኛ፣ ቤታቸውን ዘግተው ልጃቸው ጋ ሲገቡ ሻንጣቸውን ለሌላ ሰው አሸክመው ወይዘሪትን ራሳቸው አቅፈው መጡ።

ልጅቷን ግራ ያጋባት መግረጣቷ ብቻ አልነበረም። ወይዘሪት ውሃ እንደጠማው ሰው አንገቷን ደፍታ ቅጠሏን ጥላለች፤ አፈሩ ውስጥ ጣት ሲገባ ግን ጭቃ ነው።

"ውሃ ውስጥ ተቀምጣ ውሃ የጠማት!" አለች ለራሷ። ማጠጣቷን አቆመች። አፈሩ ግን መድረቁ ቀርቶ ጭራሽ ራሰ።

"አባዬ፣ ወይዘሪትን ታጠጣታለህ እንዴ?"

አባቷ ከጋዜጣቸው ቀና አሉ። "እኔ? ኧረ አልነካኋትም። አጠጣት ካልሽኝ ግን አጠጣታለሁ።"

"አይ፣ እንዳታጠጣት።"

"እሺ ልጄ።"

አባቷ ውሸት አያውቁም። ታዲያ ውሃው ከየት ይመጣል? ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ጥግ ላይ እድፍ አለ፤ ዱሮም የነበረ ይሁን አዲስ ማስታወስ አቃታት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ላይኛው ፎቅ ወጣች። እዚያ የሚኖሩት የሒሳብ መምህርት የነበሩ ሴትዮ ናቸው።

"ይቅርታ እትዬ፣ ወለልዎ ውሃ ያፈስ ይሆን?"

"የኔ ቤት ቧንቧውም አያፈስ፣ እንኳን ወለሉ!" ብለው ሳቁና አትክልቷን ሊያዩ አብረዋት ወረዱ። ዞሯት። "ብርድ መትቷት ነው። ወይ ደግሞ ፀሐይ አጥታ። ማዳበሪያም ሊሆን ይችላል።"

"የቱ ነው እንግዲህ?"

"እኔ እንጃ ልጄ፣ ያስተማርኩት ሒሳብ ነው።"

ወይዘሪትን መስኮቱ ሥር አስጠጋቻት፤ ቀጥታ የገባው ፀሐይ አንዱን ቅጠል አሳረረው። ወደ ቦታዋ መለሰቻት። ማዳበሪያ ሰጠቻት፤ ባሰባት። ነገሩ ሁሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነባት።

በመጨረሻ ታናሽ ወንድሟን ጠራችው። የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ደንበኞቹ "ፈጥኖ ደራሽ" ይሉታል፤ አርፍዶ ያልመጣበት ቀን ስለሌለ። መሰላሉን ዘርግቶ ጣሪያውን አንኳኳ፣ ዳሰሰ፣ አሸተተ።

"እታለም፣ ጣሪያሽ እንደ ብስኩት ደረቅ ነው።"

"እድፉስ?"

"የድሮ ነው።"

"ውሃው ታዲያ ከየት መጣ?"

"እሷው እያለቀሰች ይሆናላ!"

አልሳቀችም። እሱ መሰላሉን ሲያጥፍ አባታቸው ከመኝታ ክፍላቸው ወጡ። ልጃቸውን አቅፈው ሳሙት፣ "ሥራ እንዴት ነው?" አሉት፣ ወጥ ቤት ገቡና በብርጭቆ ውሃ ይዘው ተመለሱ። ወይዘሪት አጠገብ ጎንበስ ብለው የተንጠለጠለውን ቅጠል በጣታቸው ደገፍ አደረጉት።

"አይ ምስኪን፣ ጠምቷት" አሉና ብርጭቆውን ገለበጡላት። ከዚያ ተመልሰው ገቡ።

ልብስ ሰፊዋ ደነገጠች። እስከ ዛሬ ሲዋሹኝ ነበር ማለት ነው? ልትጠይቃቸው ከመነሳቷ በፊት፣ ወንድሟም የቀረበለትን ሻይ ሳይጨርስ፣ አባታቸው እንደገና ወጡ። ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"አንተ! መቼ መጣህ?" አቅፈው ሳሙት። ወጥ ቤት ገቡ። ብርጭቆ ይዘው ወጡ። "አይ ምስኪን፣ ጠምቷት።"

"አባዬ" አለች ቀስ ብላ፣ "አሁን አጠጥተሃት ነበር እኮ።"

"ማን? እኔ?" ብርጭቆውን አዩ፣ አፈሩን አዩ፣ ልጆቻቸውን አፈራርቀው አዩ። "ገና ከአልጋዬ መነሳቴ ነው..." በሚያውቁት መስመር ሲነዱ የማያውቁት ሰፈር የደረሱ መሰሉ። "ነው እንዴ?"

"አይ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አለች ቶሎ ብላ። አንጀቷን በሏት።

ወጥ ቤት ውስጥ እህትና ወንድም በሹክሹክታ ተጨቃጨቁ።

"ብርጭቆውን ደብቂው።"

"አባቴን ውሃ ልከልክለው?"

"አትክልቷ ትሙት ታዲያ?"

"አትሙት!"

"እና ምን ልታደርጊ ነው?"

"እኔ እንጃ! እኔ ምን አውቄ?"

ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። ሐኪሟ ብዙ ጠየቀቻቸው፣ መርምራም የመርሳት ሕመም መጀመሩን ነገረቻቸው። መድኃኒት አዘዘች፤ "ሥራ ግን አታስፈቷቸው፣ የለመዱትን ይሥሩ" አለች። ልጅቷ ወደ ቤት ስትመለስ ይህን ምክር ምን ላይ እንደምታውለው ግራ ገብቷት ነበር።

ወይዘሪትን አፈር ሊለውጡላት ጋዜጣ አንጥፈው ተሰበሰቡ። አባት ግንዱን ደግፈው ያዙ፣ ወንድምየው ማሰሮውን ሳበ። መጥፎ ሽታ ወጣ። ሥሯ ጠቁሮ በስብሷል።

ወንድምየው ማሰሮውን ገልብጦ ሲያይ ተቆጣ። "ይሄ ነገር የውሃ መውረጃ የለውም! ሰው እንዴት መውረጃ የሌለው ማሰሮ ይሠራል?"

አዲሱን አፈር የሸጠላት ችግኝ ሻጭ አስቀድሞ ነግሯታል፤ ውሃ የተኛበት ሥር አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ሥር ደግሞ መጠጣት ስለማይችል ተክሉ በውሃ መሐል እንደተጠማ ይጠወልጋል። የጨርቅ መቀሷን እያዘነች በአልኮል ጠረገችና የሞተውን ሥር ቆረጠች። ነጭና ጠንካራውን አስቀርተው፣ ከታች በተበሳ ማሰሮ፣ አሸዋና ከሰል በተቀላቀለበት አፈር ተከሏት። ብርሃን ባለበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ በማይደርስበት ቦታ አኖሯት። ቀጥሎ የምትጠጣው የአፈሩ የላይኛው ክፍል ሲደርቅ ብቻ ነው።

አባቷ ወዲያው ብርጭቆ ፍለጋ ተነሱ። ልጅቷ ምን እንደምትል ጨንቋት ዙሪያዋን ስታይ ዓይኗ ጨርቅ ላይ አረፈ። አርጥባ ጨመቀችና ሰጠቻቸው።

"አባዬ፣ ቅጠሏ አቧራ ይዟል። ጥረግላት እስቲ።"

እንደ አውቶቡስ መስታወት አንድ በአንድ ወለወሏት። ጨረሱና አረፉ። ከዚያ ረሱትና እንደገና ወለወሉ። ይሄኛው መርሳት አልጎዳትም፤ አቧራ የሌለው ቅጠል ብርሃን ያገኛል። አልፎ አልፎ ብርጭቆውም ይገለበጥ ነበር፤ ልጅቷ ከሥር ያስቀመጠችውን ሳህን ትደፋለች።

የገረጡት ቅጠሎች አልዳኑም፤ ቆረጠቻቸው። ቆይቶ ግን ከመሐል የተጠቀለለ አረንጓዴ ብቅ አለ።

"ነይ ልጄ! ወይዘሪት አወጣች!" እያሉ አባቷ ባዩት ቁጥር ይጠሯታል። እሷም በሄደች ቁጥር "ውይ! መቼ?" ትላለች፤ "አሁን ነዋ!" ይሏታል።

አንድ ቀን ከሰዓት ሥራ በዝቶባት ሳለ ጠሯት።

"አየሁት አባዬ" አለች ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

"ኧረ አላየሽም፣ ነይ!"

እያጉረመረመች ሄደች። ቅጠሉ ተዘርግቷል፣ አዎ፣ ይህንን ታውቃለች። አባቷ ግን በጣታቸው የሚያሳዩት ከሱ ጀርባ ነው። ሌላ፣ ሁለተኛ አዲስ ቅጠል።

"ውይ!" አለች፣ በዚህኛው ከልቧ። "መቼ?"

አባቷ ተደናግረው አዩዋት። "እንጃ" አሉ፣ "እኔም እሱን ልጠይቅሽ ነበር።"