በሬ የሚያክል ስልክ

ራዊያ በሬዋን ሸጣ ስልክ ልትገዛ መሆኑን አባቷ መህዲ የሰማው ከሰው አፍ ነው። ከቆቦ ገበያ እንደተመለሰ በር ላይ ቆሞ ጠየቃት።

«ዳማን ልትሸጪው ነው አሉ።»

«የኔ አይደል?»

«ያንቺ ነው። ማን አይደለም አለ? በምን ልትለውጪው ነው ያልኩት?»

«በስልክ።»

መህዲ እንደሱ የሰማ ሌላ ሰው እንዳለ ለማየት ዞር ዞር አለ። ማንም አልነበረም።

«በስንት ስልክ?»

«ባንድ።»

ራዊያ ስትወለድ አያቷ አንዲት ጊደር ሰጥተዋት ነበር። ጊደሯ ወልዳ ከብዳ አርጅታ ሞታለች፤ ከዘሯ የቀረው ዳማ ነው። በአገሩ ወግ የልጅቷ ሀብት ስለሆነ አባትም ቢሆን አይከለክላትም። ግን ዳማ የመህዲ ጥማድ ግማሽ ነው። እሱ ከተሸጠ ሌላኛው በሬ ብቻውን አያርስም፣ የመስኖው መሬትም ጦም ያድራል። መህዲ ይህን አላነሳውም። ራዊያም ታውቀዋለች፤ ስለምታውቀው ነው ገና ሳይናገራት የተቆጣችው።

ከዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ብትጠብቅ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። መጠበቅ ደግሞ አትችልበትም። ስለዚህ ሠርግ መቅረጽ ጀመረች። በሙስሊሞቹ ሠርግ የሴቶቹ ድንኳን ውስጥ ወንድ ካሜራማን አይገባም፤ እሷ ትገባለች። እስከ ረመዳን ድረስ ከዋጃ እስከ ሮቢት ተይዛለች። ችግሩ አሮጌው ስልኳ ነው፤ ድንኳን ውስጥ ሲገባ ሙሽራዋን ጥላሸት ያስመስላታል። ስልክ ሻጩ ዋሲሁን ሱቅ ያለው ግን ሌላ ነው። አንድ መቶ ስልሳ አምስት ሺህ ብር።

«ያርሳል?» አለ መህዲ ዋጋውን ሲሰማ።

«አያርስም።»

«ይወልዳል?»

«አባ፣ በሬም እኮ አይወልድም።»

«ሲያረጅስ? ይታረዳል?»

«ነገ አብረን እንሂድና እየው» አለችው፣ እንዲተዋት ብላ። እሱ ግን ማለዳ ተነስቶ ታጥቦ፣ ሽርጡን ቀይሮ ጠበቃት።

ሱቁ ውስጥ ስልኩን እንደ ጠቦት በመዳፉ መዘነው፤ ገለበጠው፣ ጎን ጎኑን ዳበሰው። ዋሲሁን የሮቢት ገበሬ ልጅ ስለሆነ ነገሩ ገብቶት በትዕግሥት ቆመ።

«ምኑ ነው ይህን ሁሉ ዋጋ ያወጣው?»

«ካሜራው አለ፣ ጋሽ መህዲ። ቀረጡ አለ። ስሙም አለ።»

«ስሙ ስንቱን ይወስዳል?»

ዋሲሁን አንገቱን አከከ። «እውነቱን ልንገርዎት? ሲሶውን ሳይወስድ አይቀርም።»

«እኔ ለዳማ ስም ከፍዬ አላውቅም» አለ መህዲ። «በል እንግዲህ፣ ወስደን እንሞክረዋለን።»

«እንዴት?»

«በሬ ሳይጠመድ ይገዛል? ሦስት ቀን ታርስበታለህ። ትልም ላይ ከተኛ ለባለቤቱ ትመልሳለህ። ዋስ እጠራልሃለሁ።»

ራዊያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። «አባ፣ በአላህ! ስልክ እንዲህ አይገዛም።»

«በሬ የሚያክል ዋጋ ከጠየቀ እንደ በሬ ይገዛል» ብሎ መንገዱን ተሻገረ። ሲመለስ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጡትን ጋሽ ገብረ ማርያምን እጃቸውን ይዞ መጣ። እሳቸውም ለምን እንደተጠሩ ሳይጠይቁ «ዋስ ነኝ» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው «ለየትኛው ከብት?» ያሉት።

ዋሲሁን ሳቁን መያዝ አቃተው። «ለማሳያ የከፈትኩት አለ፤ እሱን ውሰዱት።»

«ያንን ትንሹንም ጨምርበት» አለ መህዲ፣ አርባ ሁለት ሺህ ወደሚለው ስልክ እየጠቆመ። «በሬ ብቻውን ሲጠመድ ጠባዩ አይታወቅም።»

ሐሙስ ሮቢት ሠርግ ነበር። ራዊያ አንዱን ስልክ በቀኝ፣ አንዱን በግራ ይዛ ከድንኳኑ ጫፍ ጫፍ ስትሮጥ ዋለች። ላቧ ጠብ እስኪል ቀረጸች። ሙሽራዋ ተሸኝታ ሴቶቹ አረፍ ሲሉ «እስኪ አሳዪን» ብለው ከበቧት። ትልቁን ከፈተችላቸው። የሂናው ሐረግ አንድ በአንድ ይታያል፤ የሻሹ ክር ይቆጠራል። «ማሻአላህ!» አሉ። ራዊያ ዳማን በልቧ ሸጠችው።

በዚህ መሃል የሙሽራዋ እናት ሀጀራ ሰው ገፍታ ገባች።

«ይቺ ማናት ልጄን የምትስማት?»

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ ሀጀራ።»

«ወላሂ አይደለሁም! ይቺ እናቴ ናት፣ አላህ ይዘንላት።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ሀጀራ አልሳቀችም። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ «ይሄን ሁሉ ሽብሽብ ማን ቆጥሮ አስገባው?» አለች። ራዊያ ቸኩላ ትንሹን ከፈተችላት። እዚያኛው ላይ የሁሉም ፊት ቅቤ የተቀባ መስሎ ለስልሷል፤ ሀጀራ ከሙሽራዋ ታላቅ እህት አትበልጥም።

«እ! እንዲህ ነኝ እንጂ። ያኛውን አጥፊው።»

«እትዬ ሀጀራ፣ እውነተኛው እኮ ያኛው ነው።»

«እውነቱን ባሌ በየቀኑ በነፃ ያየዋል። እኔ ለሱ ብር አልከፍልም።»

ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ በየተራ ፊታቸውን ፈለጉ፤ አንዷም ትልቁን የመረጠች የለችም። ቪዲዮውን በቴሌግራም ስትልክላቸው ደግሞ ሁሉም የሚያዩት መስታወቱ በተሰነጠቀ የስምንት ሺህ ብር ስልክ ነው። የሂናው ሐረግ እዚያ ላይ ጭረት ነው። ራዊያ ሚኒባስ ውስጥ ቆቦ እስክትደርስ ድረስ ተናደደች፤ መጀመሪያ በሴቶቹ፣ ቀጥሎ በአባቷ፣ መጨረሻ ላይ በራሷ።

መህዲን ለዳማ አገዳ ሲሰጠው አገኘችው።

«ትንሹን ነው የምገዛው። ያጠራቀምኩት ይበቃዋል፣ እንዲያውም ይተርፋል። ዳማ አይሸጥም።»

ደስ ይለዋል ብላ ነበር። እሱ ግን «ትልቁ ተኛ?» አለ።

«አልተኛም። በጣም ይሠራል። እነ እትዬ ሀጀራ ናቸው የጠሉት፣ ሽብሽባቸውን ስላሳያቸው።»

«እኔ መቼ አየሁትና?»

የሴቶቹን ቪዲዮ ለወንድ ልታሳይ አትችልም። ስለዚህ ዳማን ባለበት በትልቁ ስልክ ፎቶ አነሳችውና ሰጠችው። መህዲ ምስሉን ካየ በኋላ በሬውን አየ፤ ደግሞ ምስሉን። ጠጋ ብሎ የዳማን ጫንቃ በጣቱ ገለጥ አደረገ። ልክ ምስሉ ላይ እንዳያት፣ ቀንበር የላጣት፣ የአተር ፍሬ የምታህል ቁስል ነበረች። በየቀኑ የሚጠምደው እሱ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን አላያትም።

«ይሸጥ» አለ።

«ማን?»

«ዳማ። ይሄ ስልክ ዋጋው ልክ ነው። ግዢው።»

«ጥማዱስ?»

«ከጎረቤት እቀናጃለሁ። የእጅሽን ሥራ ሰው በደንብ ይየው። ሀጀራ ስላረጀች ስልክ ምን አጠፋ?»

ራዊያ ስልኩን ከእጁ ወሰደችና ሦስት ጣቷን ከፊቱ አቆመች።

«ስንት ነው?»

መህዲ አንገቱን ወደ ኋላ ሳበ። «ራቅ አርጊው።»

«በቃ። አንተን የሚያስፈልግህ ስልክ አይደለም፣ መነጽር ነው። ነገ ትልቁን ስልክ መልሰን በዚያው መነጽር እንገዛለን።»

«ስንት ነው እሱ?»

«ሁለት ሺህ ቢሆን ነው።»

«ሁለት ሺህ?» አለ መህዲ ከልቡ ደንግጦ። «ለመስታወት? አበዱ እንዴ ሰዎቹ!»