ሠላሳ አንደኛዋን ፍለጋ

ወይኒቱ ፍኖተ ሰላም ላይ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመረች ስምንት ዓመቷ ነው። አንድሮሜዳ የምትባለውን ጋላክሲ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ትስላታለች፤ በዓይኗ ግን አይታት አታውቅም። ዘንድሮ በኅዳር የሩቅ ማያ መነጽር በውሰት አገኘችና ቡሬ አጠገብ ወዳለው የአባቷ ቤት ይዛው ሄደች። እዚያ የመንገድ መብራት የለም።

ዓርብ ሰማዩ ደመነ። ቅዳሜ ገና ለዓይን ሲይዝ ጀምራ አንገቷ እስኪቆለመም ብትፈልግ አጣቻት። አባቷ አቶ ቸኮለ ከብቶቹን አስገብተው ሲመለሱ ደጅ ላይ እንዳንጋጠጠች ደረሱ።

«ምን ጠፋብሽ ልጄ?»

«ጋላክሲ፣ አባባ። የከዋክብት አገር በሏት። ስትታይ ግን ትንሽ ጉም ትመስላለች አሉ።»

አቶ ቸኮለ ቀና ብለው በጣታቸው ጠቆሙ። «ያችን ነው? ከቀይዋ ኮከብ በስተግራ ያለችውን? ማማ ላይ ሆኜ ከበቆሎው ከርከሮ ስከላከል ስንት ዘመን አየኋት! ዓይኔ የፈዘዘ መስሎኝ ለሰውም አልተናገርሁ።»

ወይኒቱ መነጽሩን ወደ ጣታቸው አቅጣጫ አዞረች። ሞላላ፣ ፈዛዛ ብርሃን። እልልታዋን ስታቀልጠው እናቷ እማዋይሽ እንግዳ የመጣ መስሏቸው ከጓዳ ሮጠው ወጡ።

«ስሟ ማነው?» አሉ አቶ ቸኮለ።

«ብዙ ነው! ድሮ አንድ ፈረንሳዊ ጅራታም ኮከብ ሲፈልግ፣ እሱን እየመሰሉ የሚያሳስቱትን ጭጋጎች በቁጥር መዘገባቸው። በስሙ መነሻ ፊደል እሷ ኤም ሠላሳ አንድ ሆነች። በኋላ በሌላ ትልቅ መዝገብ ኤንጂሲ ሁለት መቶ ሃያ አራት ተባለች። አንድሮሜዳ ግን በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት።»

«የእኛ ልጅ? እንዴት እስከ ዛሬ ሳንሰማ! ታዲያ እንደ ሰው ናታ፤ የዓለም ስም አላት፣ የክርስትና ስም አላት፣ የመታወቂያ ቁጥር አላት።»

መነጽሩን ተቀበሏት፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስጥላቸው!

«ሌላም አለች» አሉ ቆይተው። «ከቀይዋ ኮከብ በስተቀኝ። ከዚችኛዋም ትፈዝዛለች።»

«አባባ፣ ዓይን እኮ ያታልላል።»

«አላታለለኝም!»

ወይኒቱ ስልኳ ላይ ያለውን የሰማይ ካርታ ከፈተች። ከቀይዋ ኮከብ በስተቀኝ፣ ልክ እሳቸው ባሉበት ቦታ፣ ተመዝግባለች።

«ኤም ሠላሳ ሦስት! አባባ፣ ማንም ሳያሳይዎት አገኟት!»

እማዋይሽ እራት ቀርቧል ብለው ተጣሩ። አቶ ቸኮለ ንቅንቅ አላሉም።

«እናንተ ብሉ» አሉ፣ መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያነሱ። «ሠላሳ አንድ አለች፣ ሠላሳ ሦስት አለች። መካከለኛዋን ሳላገኝ አልገባም።»