አንቴና ያዥ

መሥሪያ ቤት ውስጥ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ጠፍቶ ሁሉም «ነፃ አየር» ነው የሚለው። ሰውየው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ይመልሳል፣ ደመወዙን ይቀበላል። ከሦስት ወር ወዲህ ግን ፋይል ፍለጋ የመጣ ሁሉ ስለ ቴሌቪዥን ተምሮ ነው የሚመለሰው። «አንተ ሰው ጤና የለህም? በየወሩ ለምን ትከፍላለህ? አየሩ እንደሆነ ነፃ ነው! አንቴና ስቀል፣ የቀረውን ከኢንተርኔት በነፃ እይ፣ ዲሽህን አውርደህ ወርውረው!» ይላል ደረቱን ነፍቶ። ምክሩ እውነት ነው። ሰምተው ዲሻቸውን ያወረዱ አሉ፣ ተደስተውም አመስግነውታል። ጉዱ ያለው እሱ ቤት ነው።

ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ፊት ለፊቱ ሌላ ረጅም ሕንፃ ተገትሮበታል። አንቴና የሚተክለው ባለሙያ መጥቶ አይቶ፣ «ጌታዬ፣ መስኮት ላይ አይሆንም። ይህ ሕንፃ ከልሎታል። ጣራ ላይ ልትከለውና ገመዱን ላውርድልዎት» ብሎት ነበር። ነፃ አየር ከት ብሎ ሳቀበት። «ሂድ ሞኝህን ፈልግ! አየር ጣራ ላይና መስኮት ላይ ይለያያል እንዴ?» ብሎ አባረረው። ራሱ አንቴና ገዝቶ መስኮቱ ላይ በሲባጎ ጠፈረው። ምስሉ መጣ፣ ተቆራረጠ፣ ደረቀ፣ ጠፋ። ወደ ግራ አዞረው፣ ወደ ቀኝ አዞረው፣ አንቴናውን ሰደበው። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲሁ ሲንገላታ ከረመ።

በአራተኛው ቀን አባቱ መስኮት ሊዘጋ ተነሥቶ ገመዱን በእጁ ገለል ሲያደርገው፣ ምስሉ ጥርት ብሎ ቁጭ አለ።

«አባባ! እንዳለህ! ንቅንቅ እንዳትል!»

ሽማግሌው ግራ ገብቶት እንደቆመ ቀረ። ድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ አንድ ጊዜ ተገልብጦ ጭኑ ውስጥ ብረት ገብቶለታል። ልጁም ምስሉን የሚስበው ያ ብረት ነው ብሎ ደመደመ። ሚስቱ ገመዱን ይዛ ሞከረች፣ አልሆነም። እሱም ያዘው፣ አልሆነም። ከአባትየው እጅ ሲገባ ግን ወዲያው ይመጣል። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ቴሌቪዥን ሲከፈት ሽማግሌው ከመስኮቱ ሥር ገመድ ጨብጦ ይቆማል። ወንበር ሰጥተውት ሞክረው ነበር፤ ሲቀመጥ ምስሉ ይደርቃል። ቴሌቪዥኑ ደግሞ በዚያው በመስኮቱ ግድግዳ ላይ በቡሎን ስለታሰረ፣ እሱ ካለበት ቆሞ የሚያየው ጥቁሩን ጠርዝ ብቻ ነው። አንገቱን አስግጎ ሊያይ ከሞከረ ሁሉም ይጮኹበታል። ሰው አባቱን እንዲህ ያደርጋል? ያደርጋል እንጂ፤ ምን ይሳነዋል!

ሽማግሌው አንዲት ሴት ልጅም አለችው። እናታቸው መስማት የተሳናት ስለነበረች፣ ሁለቱም ልጆች ከአፋቸው በፊት የፈቱት እጃቸውን ነው። ወንዱ ከፍ ሲል በሰው ፊት ከእናቱ ጋር በእጅ ማውራት አሳፈረው፤ ከተቀበረች ወዲህማ «ረሳሁት» እያለ ዓመታት አለፉ። ሴቷ በዚያው ገፋችበት፣ ተማረችው፣ አሁን በቴሌቪዥን የዜና ምልክት ቋንቋ ተርጓሚ ሆና ተቀጠረች። አባቷን እኔ ጋ ልውሰደው ብላ አንዴ ብትጠይቅ ወንድሟ ቱግ አለ። «አባቱን አባረረ ልታስብዪኝ ነው? ሁለተኛ እግርሽ ይህን ቤት እንዳይረግጥ!» አላት። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ የሚገናኙት በነፃ አየር ስልክ ብቻ ሆነ፤ እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አጠገባቸው ተጎልቶ ይሰማል።

«አባባ፣ እሁድ የሰባት ሰዓት ዜና የመጀመሪያ ቀኔ ነው» አለችው በዚያ ስልክ። «ታች ጥጉ ላይ ባለችው ክብ ውስጥ ፈልገኝ። ዜናው ሲያልቅ በእማማ ቋንቋ አንድ ነገር እነግርሃለሁ፤ ዓይንህን እንዳትነቅል።» ወንድሟ ረስቶታል ብላ ነው፤ ሃያ ዓመት ረሳሁት ሲላት አምናው።

እሁድ ሽማግሌው ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ ጠበቀ። «እባክህ ልጄ፣ ለዛሬ ብቻ ገመዱን ያዝልኝ። ዜናው ሲያልቅ፣ መጨረሻዋን ብቻ» አለው።

«እኔ ስይዘው እንደማይመጣ ታውቃለህ አይደል?»

«እንግዲያው መስታወት አቁሙልኝ። እኔ ከዚህ ሆኜ በመስታወቱ አያለሁ።»

«ውይ! ያለኝ መስታወት አንድ፣ ወድቆ ቢሰበርብኝስ?» አለች የልጁ ሚስት ከሶፋው ሳትነሣ። «ደግሞ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ይጫናል፣ ተረጋግተው ያዩታል። ምን ያስቸኩልዎታል?»

ሽማግሌው ገመዱን ያዘ። ምን ያድርግ? ካልያዘ ጭራሽ ማንም አያያትም። ዜናው ተጀመረ፤ የአንባቢው ድምፅ ይሰማዋል፣ የሴት ልጁ እጅ ግን ድምፅ የለውም። «አለች? መጣች? ምን ለብሳለች?» እያለ በየመሀሉ ይጠይቃል። «አለች፣ አለች፣ ዝም በል አቦ» ይለዋል ልጁ።

ዜናው አለቀ፣ ሙዚቃው ገባ። ታች ጥጉ ላይ እህቱ ዓይኗን ቀና አድርጋ በእጇ መናገር ጀመረች፤ ነፃ አየርም አንዲት ሳትቀረው ገባው። የእናት ቋንቋ እንዲህ በቀላሉ ይረሳል እንዴ? «አባባ፣ ቤት አግኝቻለሁ። ዓርብ በስድስት ሰዓት መናኸሪያ ጠብቀኝ፣ መጥቼ እወስድሃለሁ። ከቀረህ አልፈለግህም ማለት ነው፤ አልቀየምህም።»

«ምን አለች? ምን አለችኝ ልጄ?» አለ ሽማግሌው ገመዱን ሳይለቅ።

ነፃ አየር በልቡ ቀን ቆጠረ። ቅዳሜ የእግር ኳስ ዋንጫው ፍጻሜ ነው። አለቃውንና አራት ባልደረቦቹን ጠርቷል፤ «ከሚከፈልበት የበለጠ ጥርት ያለ ምስል ባላሳያችሁ ስሜን ቀይሩት» ብሎ አፉን ሞልቶ ተናግሯል። ዓርብ ሽማግሌው ከሄደ፣ ቅዳሜ ምስሉም አብሮት ሄደ ማለት ነው። ጣራ ላይ ያስተክላ ትሉ ይሆናል። ያንን ያባረረውን ባለሙያ ደውሎ መጥራት? እሱማ ሞቱ ነው!

«እ? ምን አለችኝ?»

«እኔ እንኳ ቋንቋው ጠፍቶኛል። ግን… ሥራው ተስማምቶኛል፣ አታስብ፣ በርታ ነገር ነው ያለችህ» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ሽማግሌው ቅር አለው። ማታ ልጁን ስልኩ ላይ እንዲፈልግለት ለመነው። ነፃ አየር ፈለገ፤ ዜናው ሙሉውን ተጭኗል፣ ክቧም ሳትቆረጥ። «አልጫኑትም» አለ፣ ስልኩንም ኪሱ ከተተው። ሰኞም ተጠየቀ፣ አልጫኑትም። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ሽማግሌው መጠየቁን ተወው።

ዓርብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት እያለ ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት።

«አባባ ደህና ነው?» አለች። ከጀርባዋ የመኪና ጥሩምባና የተሳፋሪ ጫጫታ ይሰማል።

«ደህና ነው። ምነው?»

«መናኸሪያ ነኝ። በቴሌቪዥን ነግሬው ነበር። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እየጠበቅሁት ነው።»

«አሃ፣ እሱን ነው? ነግሮኛል እኮ» አለ ነፃ አየር፣ አንድ ፋይል እያገላበጠ። «እዚህ ተመችቶኛል፣ አልሄድም አለ። በዚህ ዕድሜዬ ቤት ለቤት አልዞርም ነው የሚለው። እኔ ምን ላድርግ እህቴ?»

«ከራሱ ልስማው» አለች።

«ስልክ አልፈልግም ብሏል፤ ድምፅሽን ከሰማ ሆዱ ይባባል።»

«እንግዲያው በእጁ ይንገረኝ። ቀርፀህ ላክልኝ። በእጁ ዋሽቶኝ አያውቅም። እስኪደርሰኝ ከዚህ አልንቀሳቀስም።»

ነፃ አየር አለቃውን አስፈቅዶ ከሥራ ወጣ። መንገዱን ሁሉ አሰበበት፤ ደረጃውን ሲወጣ ነገሩን ጨርሶት ነበር። ሚስቱ ተከታታይ ድራማዋን እያየች ነው፤ ሽማግሌው እንደ ልማዱ መስኮቱ ሥር ገመዱን ይዞ ቆሟል፣ የታመመ እግሩን ከፍ አድርጎ።

«አባባ፣ ልጅህ ደውላ ነበር» አለው።

«ደወለች? ምነው፣ ምን ሆነች?»

«ምንም። ስለ አንተ ስታስብ እንቅልፍ አጥታለች። ሥራውንም በቅጡ መሥራት አልቻለችም፣ አዲስ ናት፣ ሊያባርሯት ይችላሉ። እባክህ አረጋጋልኝ ብላለች።»

ሽማግሌው ደነገጠ። «በእኔ ምክንያት? ኧረ በፍጹም! እኔ ምን ሆኜ! ምን ልበላት?»

«በእማማ ቋንቋ ንገራት፣ እኔ ልቅረፅህ። እዚህ ተመችቶኛል፣ ወዴትም መሄድ አልፈልግም፣ ስለ እኔ አታስቢ፣ የራስሽን ኑሮ ኑሪ በላት። ልቧ የሚያርፈው ያኔ ነው።»

ሽማግሌው ገመዱን ለቀቀ። «እንዴ! ልብ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ!» ብላ ሚስትየው ጮኸች፤ ባሏ በዓይኑ ዝም አሰኛት። ሽማግሌው ኮቱን አምጡልኝ አለ፣ ለበሰ፣ ቁልፉን ቆለፈ፣ እየሳቀ ቆመ። ከዚያ በእነዚያ በሻከሩ ጣቶቹ፣ ቃል በቃል፣ ሳይቸኩል ተናገረ። ተመችቶኛል አላት። ወዴትም አልሄድም አላት። አታስቢ፣ ኑሮሽን ኑሪ አላት። ልጁ ያላዘዘውንም ከራሱ ጨመረላት፤ ደግመሽ አትጠይቂኝ፣ እንዲህ ስትጨነቂ እኔን ያመኛል አላት። ነፃ አየር ይህንንም አነበበና ላከው።

መልሱ ወዲያው መጣ፤ አንድ ቃል ነው። «ገባኝ» ይላል።

«ደረሳት?» አለ ሽማግሌው።

«ደረሳት።»

«ምን አለች?»

«ደስ አላት። አሁን ልቤ ዐረፈ አለች።»

የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። በኮቱ እጅጌ ጠረገና የልጁን ትከሻ ያዘ፤ እንዲህ ሲነካው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። «እግዜር ይስጥህ ልጄ። አንተ ባትኖር ማን ያገናኘን ነበር?» አለው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ተመለሰና ገመዱን አነሣ፤ ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። «የነገዎቹን እንግዶችህን ምንም አታስብ። ጭማሪ ሰዓት ቢመጣ እንኳ እስከ መጨረሻው እቆምልሃለሁ» አለ።