ለጠላቂዎች የሚሆን ኮርስ

ጠላቂዎቹ «አለቃ» የሚሉት ሰው ሁለተኛውን ማሠልጠኛ ፍለጋ ደረጃውን ሲወጣ ጉልበቱ ይንቋቋል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አየር በጀርባው ተሸክሞ፣ ከመርከብ ሆድ ላይ የተጣበቀ ዛጎል ሲፍቅ የኖረ ሰው ነው፤ ውሃ ውስጥ ዓሣ፣ ደረጃ ላይ ግን ሽማግሌ። ከኋላው የሟች ወንድሙ ሚስት ወረቀቶቿን ታቅፋ ትከተለዋለች። ባሏ ከሞተ ሰባት ወሩ ነው። እሱም ከአለቃ ጋር በአንድ ጀልባ የሚሠራ ጠላቂ ነበር፤ የጀልባው ድርጅት እሷን ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ አድርጎ ቀጥሯታል።

ወደቡ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ያልወሰደ ጠላቂ ከእንግዲህ አላስገባም ብሏል። ሥራ አስኪያጁም «ቶሎ የሚያልቀውን መርጣችሁ ኑ» ብሎ ሁለቱን ላካቸው።

ጠዋት ያዩት በግማሽ ቀን የሚያልቅ ነበር። ደረት መጫን ብቻ ነው የሚያስተምሩት። አስተማሪው ክራባቱን እያስተካከለ «አንድ ሰው ከወንበሩ ወደቀ እንበል» ሲል አለቃ አላስጨረሰውም።

«ጌታዬ፣ የእኛ ሰዎች ወንበር ቢያገኙ መች ይወድቁ ነበር!»

ሴትየዋ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ሲሰማት የመጀመሪያው ነበርና በልቡ ተመስገን አለ።

እዚህኛው ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ላይ የተንጋለለ የላስቲክ ሰው አለ፤ ከጎኑ የኦክስጅን ሲሊንደርና ጭምብል። አስተማሪዋ ወፈር ያለች፣ ድሮ የድንገተኛ ክፍል ነርስ የነበረች ናት።

«ለጠላቂዎች ነው? እንግዲያው ደረት መጫን ብቻውን አይሆናችሁም» አለች። «የሰመጠ ሰው ያጣው አየር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ደረት። የኦክስጅን አሰጣጥም እናሳያለን። ሁለት ቀን ይፈጃል፤ አንዱን ቀን ጀልባችሁ ላይ።»

ሴትየዋ ትጽፋለች።

«ትንፋሹ ውሃውን ካስወጡ በኋላ ማለትዎ ነው፣ ሲስተር» አለ አለቃ፣ የረሳችውን እንደሚያስታውሳት ሁሉ።

«የቱን ውሃ?»

አስረዳት። እነሱ ጀልባ ላይ ለዚሁ የሚቀመጥ ባዶ በርሜል አለ። የሰመጠውን በሆዱ በርሜሉ ላይ ያስተኙታል፤ ራሱን ቁልቁል ለቀው፣ እግሩን ይዘው፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ ያንከባልሉታል። ውሃው ተሟጦ ሳይወጣ አየር አይገባም። እሱን ያስተማሩት እንዲህ ነው፤ እሱም ያስተማረው እንዲሁ።

«ኧረ ተዉ! ዛሬም ይህን የሚያደርግ አለ?» አለች ነርሷ፣ ማን እንደሆኑ በምን ታውቅ። «የሚወጣው እኮ የሆዱ ውሃ ነው። እናንተ በርሜል ስታንከባልሉ ሰውየው አየር አጥቶ ያልቃል። ከወጣባት ደቂቃ ጀምሮ እፍ ማለት ነው።»

ብዕሩ ቆመ።

«ወዲያው እፍ ቢሉለትስ?» አለች ሴትየዋ።

«ልቡ መምታት ሳያቆም ከደረሱለት ብዙው ሰው ይመለሳል፣ እህቴ። አንዳንዱማ ትንፋሽ ብቻ ይበቃዋል።»

አለቃ ወለሉን አየ። የሚመጣውን አውቆታል።

«ስታወጡት ልቡ ይመታ ነበር ብለኸኛል፣ ጋሼ።»

ብሏታል። ያኔ፣ ለቅሶው ላይ፣ እንዲያጽናናት ብሎ። እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ ሰማሁት፣ ብቻውን አልሞተም፣ በእጃችን ላይ ነው ያረፈው ብሏታል። ያቺን የልብ ምት ፈጣሪ ለስንብት የሰጠው ይመስለው ነበር፤ ማታ ማታ ሲጸልይም ስለዚያች ምት ያመሰግን ነበር።

«ይመታ ነበር» አለ።

«በርሜሉ ላይ ስንት ደቂቃ ቆየ?»

ትንሽ ነው ማለት ይችል ነበር። የጀልባው ሰዎች ሁሉ ወንድሞቹ ናቸው፤ ማንም አይመሰክርበትም።

«ውሃው አላልቅ አለን...»

«ስንት፣ ጋሼ?»

«ወደቡ እስክንደርስ።»

ነርሷ ነገሩ የገባት ይሄኔ ነው። አፏን በእጇ ያዘች፤ ቀጥላ «አላወቃችሁም እኮ» አለች በቀስታ።

ሴትየዋ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የመመዝገቢያውን ቅጽ አወጣች። የስምንቱን ጠላቂዎች ስም አንድ በአንድ ጻፈች። ጽሕፈቷ እንደ ወትሮው ጥርት ያለ ነበር፤ እሱን ይበልጥ ያስፈራው ይኸው ነው። ብትጮህበት፣ ብትመታው በወደደ።

«ይኼኛው ነው የሚሆነው» አለች። «ሥራ አስኪያጁን እኔ አናግረዋለሁ።»

«እሺ።»

«ያንተን ስም አንተው ጻፈው።»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ኮቴዋ ከታች እስኪጠፋ አዳመጠ። ተከትሏት ቢሄድ ምን ይላታል? ይቅር በይኝ? እሷ ይቅር ብትለውስ፣ የእናቱን ልጅ ማን ይመልስለታል?

ብዕሩን አላነሳም። ምንጣፉ ላይ በጉልበቱ ወርዶ የላስቲኩ ሰው አጠገብ ተንበረከከ። ነርሷ ጎኑ መጥታ ግንባሩን እንዴት እንደሚይዝ፣ አገጩን እንዴት ቀና እንደሚያደርግ፣ አፍንጫውን እንዴት እንደሚደፍን አሳየችው። አፉን ገጥሞ እፍ አለ። የላስቲኩ ሰው ደረት ወዲያው ከፍ አለ።

አለቃ ቀና ብሎ ነርሷን አያት።

«ይኸው ብቻ ነው?»

«ይኸው ነው» አለች ነርሷ።