በመስኮት የተማረችው ዳንስ

ቲላጋ በቪጃያ ዳሳሚ በዓል ጠዋት ዓይኗን በጨው ታጥባ መጣች። በነሐስ ትሪ ላይ ተማሪ ሲገባ ለአስተማሪ የሚሰጠውን ቤቴል ቅጠል፣ ሙዝና ኮኮናት ደርድራ የዳንስ አስተማሪው የየኔታ ሳባፓቲ በረንዳ ላይ ስትወጣ፣ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡት እናቶች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። በዚያ ቀን የተጀመረ ትምህርት አይከሽፍም ይባላልና፣ የኩምባኮናም ከተማ ሰው ልጁን ፊደልም ሆነ ዳንስ የሚያስጀምረው ያን ዕለት ነው።

«ደግሞ ለማን ነው?» አለች ከእናቶቹ አንዷ፣ ኮማላ፣ ትሪውን አይታ። «ልጅሽን ያዢኒን ካስገባሻት ስንት ዘመኗ! ሌላ ልጅ ደብቀሽ ኖሯል?»

«ለራሴ ነው።»

በረንዳው ላይ ሳቅ ፈነዳ።

«አንቺ ሴት! ልጅሽን በምትድሪበት ዕድሜ?»

«ጉልበቱ የኔ፣ ወለሉ የየኔታ። እናንተን ምን አገባችሁ?»

ያዢኒ ብቻ አልሳቀችም። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ዕድሜ እናት መኖሯ ራሱ ያሳፍራል። የእናቷን ሳሪ ጫፍ እየጎተተች «እማ፣ በናትሽ እንመለስ» አለች።

ቲላጋ አላበደችም። ልጅ ሳለች ዳንስ ልማር ብትል አባቷ «በኛ ቤት የሚጮኸው ድስት ነው እንጂ የእግር ቃጭል አይደለም» ብለው ከለከሏት። ወልዳ ልጇን ስታስገባ፣ እሷ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ፣ ከየኔታ ጀርባ ባለው መስኮት ስታይ ስታይ ለመደችው። ሩዙ እስኪበስል ጉልበቷን ወደ ጎንና ጎን ከፍታ ግማሽ ቁጭ ትላለች፤ ምስሩን እያማሰለች አንገቷን ታንሸራትታለች። ያዢኒ ቤት ስትለማመድም ፊት ለፊቷ ቆማ አብራት ትረግጣለች። ባሏ «የጎረቤት ግድግዳ ልታፈርሱብኝ ነው» ብሎ ያጉረመርማል፤ ግን ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ማየቱን አይተውም።

ዘንድሮ ግን ጉልበቷ ጠዋት ጠዋት ይንቋቋ ጀምሯል። ዛሬ ካልገባች ሌላ ዳሳሚ እስኪመጣ ዓመት ነው፤ ዓመት ደግሞ ለጉልበት ብዙ ነው። የኔታ ከመለሷት ያ ሁሉ ዘመን የተሸከመችው ምኞት እዚያው በረንዳ ላይ እንደሚቀር ታውቃለች። ፈርታ ነበር የመጣችው።

የኔታ ሳባፓቲ ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው አዩዋት። ቁጡ ናቸው። ከአፋቸው ምስጋና ሰማሁ የሚል ተማሪ ካለ ይዋሻል።

«የስንት ዓመት ጉልበት ነው ያመጣሽልኝ?»

«አርባ ሊሞላው ነው፣ የኔታ። ግን እሺ ይላል።»

«ጉልበት በአፍ እሺ አይልም። ግቢና ከልጆቹ መሐል ቁሚ። አንድ ዙር ከተከተልሻቸው ትሪሽን እቀበላለሁ። ካቃተሽ ሙዝሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ።»

ቲላጋ ሳሪዋን ሰብስባ ወገቧ ላይ ሸጎጠች። መሬትን ልትረግጣት ነውና ጎንበስ ብላ በጣቷ ነክታ ይቅርታ ጠየቀቻት። ከዚያ ጉልበቷን ከፍታ ወረደች። አወራረዷ ቀጥ ያለ ስለነበር ኮማላ እንኳ በመስኮቱ «ውይ!» አለች።

የኔታ ምቱን በአፋቸው እየጠሩ ፊታቸው ያለውን እንጨት በበትራቸው መቱ። «ታካ ዲሚ! ታካ ዲሚ!»

ልጆቹ በሙሉ ወደ ቀኝ ሄዱ። ቲላጋ ወደ ግራ ሄደችና አጠገቧ የቆመችውን ትንሿን ኒላን ግንባሯን በክርኗ ገጭታ ዘረጋቻት። «ይቅርታ የኔ ልጅ!» ብላ አንስታት ቀጠለች። ልጆቹ ወደ ግራ ሲመለሱ እሷ ወደ ቀኝ መጣች፤ አሁን ደግሞ በዚያኛው ወገን ያለችው ልጅ ተገጨች። እነሱ ቀኝ እጃቸውን ሲዘረጉ እሷ ግራዋን፣ እነሱ ግራቸውን ሲያነሱ እሷ ቀኟን። በልቧ «ዛሬ እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው?» ትላለች።

«እማ፣ ቀኝ! የሚጀመረው በቀኝ ነው!» አለች ያዢኒ ከኋላው ረድፍ፣ ልታለቅስ ደርሳ።

በትሩ ቆመ። መስኮቱ በሳቅ ተናወጠ።

ቲላጋ ወደ እግሯ አየች። ያን ጊዜ ገባት። በመስኮቱ ያየቻቸው ሁልጊዜ ፊት ለፊት ነበር፤ የልጆቹን ቀኝ የተከተለችው በራሷ ግራ ነው። ቤትም ከያዢኒ ጋር እንደ ሰውና እንደ መስታወት ፊት ለፊት ሲረግጡ፣ አንዳቸውም አላስተዋሉም። ያን ሁሉ ሩዝ ያሳረረችበት ልፋት ከነሥሩ የተገለበጠ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ማንንም ሳታይ ትሪዋን ልታነሳ ሄደች።

«ማን ሂጂ አለሽ?» አሉ የኔታ። «ነይ ወደ ፊት። ዙሪና ልጆቹን እያየሽ ቁሚ።»

ዞረች።

«ታካ ዲሚ!»

ልጆቹ ወደ ቀኛቸው ሲሄዱ እሷም በግራዋ አብራቸው ሄደች። እጅ ከእጅ፣ እግር ከእግር፣ አንድም አልተዛነፈም። የኔታ ፍጥነቱን ጨመሩት፤ ተከተለች። እንደገና ጨመሩት። ከልጆቹ ጥቂቶቹ ጠፍቶባቸው ሲቆሙ እሷ አልቆመችም። በመስኮቱ የሚስቅ ጠፋ። ያዢኒም መርገጧን ትታ እናቷን ትኩር ብላ ታያለች።

የኔታ በትራቸውን አስቀመጡና ሆዳቸውን ይዘው ከት ብለው ሳቁ። ተማሪዎቻቸው ደነገጡ።

«ስንቱን ሳስተምር እንዲህ አጥርቶ የተሳሳተ ሰው አይቼ አላውቅም! ስህተትሽ ውስጥ አንድ ስህተት የለም!»

«ታዲያ ይቀበሉኛል፣ የኔታ?» አለች።

«አምጪ ትሪውን።» ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት። «ግን የምታውቂውን ሁሉ ከመጀመሪያዋ እርምጃ በቀኝ ትጀምሪዋለሽ። የቤቱን ሕግም ታውቂያለሽ። እዚህ ታላቅ ማለት ቀድሞ የገባ ነው። ከኒላ በታች ነሽ።»

ኒላ ግንባሯን እያሻሸች ደረቷን ነፋች።

«ልጅሽም ታላቅ እህትሽ ናት። አካ ብለሽ ጥሪያት። አረጋገጡን እሷ ታስይዝሽ።»

ልጆቹ በጭብጨባ ቤቱን አናጉት። ቲላጋ ወደ ልጇ ሄዳ መዳፎቿን ገጠመችና አንገቷን ደፋች። «አካ ያዢኒ፣ ከየት ልጀምር?»

ያዢኒ ልትኮሳተር ሞከረች፤ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ተንበርክካ የእናቷን ቀኝ እግር በሁለት እጇ ያዘች። ውስጥ እግሯ የኩሽና ወለል ከመርገጥ ብዛት ደንድኗል፤ ከራሷ እግር ይልቅ ጠጥሯል። ይህን አታውቅም ነበር። አፈረች።

«ይሄኛው ነው፣ እማ» አለች ቀስ ብላ። «ይሄኛውን አንሺ።»

ቲላጋ እየሳቀችም እያለቀሰችም አነሳችው።