የእንቁ ፈረንጅ

እንቁ በሦስት ወታደር ድልድይ እየጠበቀች ሳለ በሩ ተንኳኳ። አልከፈተችም። መብራት በፈረቃ በነበረበት በዚያ ዓመት፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት መብራት የደረሰው ሰው ለማንም ጆሮ አይሰጥም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የፈረንጅ ሻምበል «ጎ! ጎ! ጎ!» እያለ ይጮህባታል፤ ተኩሱ ይንጣጣል።

«ክፈቺ! እኔ ነኝ!»

ታላቅ ወንድሟ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ናቸው፤ በጠዋት ሚኒባስ ከቡሬ መምጣታቸው ነው። ስትከፍትላቸው ሰላምታም ሳይሰጡ ጎንበስ ብለው አልጋው ሥር አዩ፤ መጋረጃውንም ገለጡ።

«ሰውየው የታለ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ፈረንጁ ነዋ! እህትህ ፈረንጅ ቤቷ አስገብታ፣ በጠራራ ፀሐይ እየጮኸባት ነው ተብሎ ተልኮብኝ ነው የመጣሁ።»

እንቁ ሳቋን መያዝ አቃታት። በጣቷ ጠረጴዛውን አመለከተች። «ያውልዎ!»

የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ደመወዝ አዲስ ኮምፒውተር አይገዛም። ይህን ክዳኑ የወለቀ ሲፒዩ ያገኘችው አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ ነው። ሰው ሁሉ ወንበሮቹ ላይ ሲረባረብ እሷ ማንም ያልፈለገውን ወሰደች። ራሙንና የጨዋታውን ኮፒ ሲዲ ከባሕር ዳር አስመጣች። ማሽኑ ሲያቃስትባት፣ ሸክሙ እንዲቀለው ከጨዋታው ላይ ጥላውን አጠፋች፣ ሣሩን አጠፋች፣ የወንዙን ሞገድ አጠፋች፤ አሁን ወታደሮቿ የሚዋጉት የታጨደ ማሳ በመሰለ ሜዳ ላይ ነው። ግድ የላትም። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ካርድ ስትፈልግና ስትሰደብ ትከርማለች፤ ቅዳሜ ግን አዛዧ እሷ ናት። ይህን ደስታ ማንም አልሰጣትም፤ ብሎን በብሎን ራሷ ገጥማዋለች።

«እና ይኼ ምን ይሠራል?» አሉ መሪጌታ።

«ያጫውታል።»

«ሠላሳ ዓመት ሞላሽ እኮ! የጨዋ ልጅ እንዲህ…»

«ጋሼ፣ በእናንተ በቅኔው ቤት ጨዋ የሚባለው ማን ነበር?»

«በእኛ ቤትማ ዜማና ቅኔ ያልዘለቀ ሁሉ ጨዋ ነው።»

«እኔ ዘልቄያለሁ?»

«አንቺማ የት አግኝተሽ!»

«እንግዲያ ጨዋ ነኛ። ጨዋ ካልተጫወተ ማን ይጫወት?»

መሪጌታ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። ቃል ተገልብጦ ሲያዩ መቆጣት አይሆንላቸውም። «ቅኔ ዘረፍሽ!» አሉ። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የላኩብኝ አከራይሽ ናቸው፤ ‹ወይ ፈረንጁን ታውጣ፣ ወይ ቤቴን ትልቀቅ› ብለዋል። ሄጄ ኮምፒውተር ነው፣ ለሥራ ነው፣ የጤና ጣቢያውን ጽሑፍ የምትጽፍበት ነው እላቸዋለሁ። አንቺ ‹አዎ› ማለት ብቻ ነው።»

እንቁ ክፍሏን ዞር ዞር ብላ አየች። ቤቱ ለሥራ ቅርብ ነው፤ ቧንቧው ግቢ ውስጥ ነው። አራት ዓመት ኖራበታለች፤ በዚህ ኪራይ ሌላ እንደማታገኝም ታውቃለች።

ብዙም ሳይቆይ አከራይዋ እመት ወለተ ጊዮርጊስ ከመሪጌታ ጋር ደጃፏ ላይ ቆሙ። ፊታቸው ፈክቷል።

«ይቅር በይኝ ልጄ፣ መሪጌታ ነገሩኝ። ለሥራ ከሆነማ ማን ይከለክላል! ለሥራ ነው አይደል?»

መሪጌታ ከአከራይዋ ጀርባ ሆነው በዓይናቸው ለመኗት። እንቁ ያችን «አዎ» ምላሷ ጫፍ ላይ አደረሰቻት። ወዲያው ግን የአከራይዋ ልጅ ሀይሉ ትዝ አላት። ሀይሉ ከረምቡላ ቤት ውሎ ሲመጣ ማንም «ለሥራ ነው ወይ?» ብሎ ጠይቆት አያውቅም። እሷስ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ እጇ በገጠመችው ዕቃ ለመደሰት ለምን ትዋሽ?

«አይደለም እትዬ» አለች። «ለጨዋታ ነው።»

«ለምን አልሽ?»

«ለጨዋታ። ደስ ስለሚለኝ።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የእመት ወለተ ጊዮርጊስ ፊት ጠቆረ።

«እንግዲያውስ ወሩ ሲሞላ ቤቴን ትለቂያለሽ!»

«እሺ እትዬ፣ እለቃለሁ» አለች እንቁ፣ እጅ እንደ መንሳት ጎንበስ ብላ። «የሚከራይ ቤት የሚያውቁ እንደሆነ ግን ይጠቁሙኝ፤ ጣሪያው ቢያፈስም ግድ የለኝም፣ ቆጣሪው ደህና ይሁን እንጂ።»