ሁለት ጾመኞች በአንድ ድስት

"ጨው ጨመርሽ እንዴ?" አለች ወለተሐና፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ እንደቆመች።

ደሃቦ የጨው ዕቃውን እየከደነች ዞር አለች። "አዎ። ዘበኛው ጠርቶሽ ስትወጪ። ምነው?"

"እኔም ከመውጣቴ በፊት ጨምሬያለሁ።"

ሁለቱም ድስቱን አዩ። ወፍራሙ ሾርባ ቀይ ዘይት እያወጣ እንደ ሽሮ ይንተከተካል።

"ስንት ጨመርሽ?" አለች ደሃቦ።

"አንድ ማንኪያ። ሙሉ። አንቺስ?"

"እኔ በማንኪያ ሠርቼ አላውቅም፣ አባዮ፣ እህቴ።" ደሃቦ መዳፏን ዘረጋች። ሰፊ መዳፍ ነው።

ለመግሪብ ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ሳሎን ውስጥ አስር ሰው ለአፍጥር ይጠብቃል። ጠሪዋ ዶክተር ሲዲካት ናት፤ በሸደር የስደተኞች ጣቢያ የጤናውን ሥራ የምትመራ፣ ከናይጄሪያ የመጣች ሴት። ሾርባውም የአገሯ ነው፤ ግቤጊሪ ይሉታል። ዓይኗ ጥቁር የሆነችውን ነጭ ባቄላ ዘፍዝፎ፣ በእጅ አሽቶ ልጣጩን ማውጣት፣ ቀቅሎ መፍጨት፣ ከዚያ በቀይ የፓልም ዘይት፣ በበርበሬና በጭስ በደረቀ ዓሳ መሥራት። ዘይቱንና ዓሳውን ዶክተሯ በሻንጣዋ ይዛ ነው የመጣችው። አንድ ጠርሙስ፣ አንድ እሽግ፤ ሁለቱም ድስቱ ውስጥ ገብተው አልቀዋል። ባቄላውን ግን ደሃቦ ከገበያ ስታመጣ እየሳቀች ነበር። "ይሄማ ዲጊር ነው! እኛ ቀቅለን በዘይትና በስኳር አምቡሎ እናደርገዋለን። እነሱ በዓሳ? ዋላሂ፣ ሰው አገሩ ብዙ ነው።"

መብራት ስለጠፋ ባቄላውን በሙቀጫ የወቀጡት ተራ በተራ ነው። አሁን ግን አንዳቸውም ሊቀምሱት አይችሉም። ደሃቦ ረመዳን ይዛለች። ወለተሐና ዐቢይ ጾም ላይ ናት።

"ዓሳ እኮ ይፈቀድላችኋል ይባላል" አለች ደሃቦ።

"የሚበሉ አሉ። እኛ ቤት አይበላም። እናቴ ብትሰማ ከደብረ ብርሃን በእግሯ ትመጣለች።"

"ዘበኛው ቢቀምስልንስ?"

"ዘበኛው? እሱ ከኔ ይብሳል፣ ውሃ እንኳ የሚጠጣው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው።"

"እንግዲህ በዚህ ግቢ ያልጾመችው ድመቷ ብቻ ናት" አለች ደሃቦ።

ወለተሐና አልሳቀችም። ጠዋት የቤቱ አስተዳዳሪ ጉሌድ እዚሁ ቆሞ ያላት ከጆሮዋ አልወጣም። "የሙከራ ጊዜሽ ዛሬ ያበቃል። ዶክተሯ በራቱ ትወስናለች። ከወደደችው ትቀጠሪያለሽ። ካልሆነ ወጥ ቤቱን ደሃቦ ትይዛለች።" ይህን ሲል ደሃቦ አጠገባቸው ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ቀና አላለችም። በዚህ ቤት ስድስት ዓመት ሽንኩርት ልጣለች፤ ሦስት ዋና አብሳዮች መጥተው ሲሄዱ አይታለች።

ወለተሐና ካልተቀጠረች ሁለት ልጆቿን ከትምህርት መሃል አስወጥታ እናቷ ቤት ከመመለስ በቀር መንገድ የላትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጅጅጋ ላይ ያቆያት ሥራ ብቻ ነው።

በሩ ተከፈተና ጉሌድ ብቅ አለ። "እንዴት ነው? ዶክተሯ ሽታው ሳሎን ድረስ መጣ ብላ ደስ ብሏታል። እንዳይቀጥን ብቻ አለች፤ ማንኪያውን ካላለበሰ ግቤጊሪ አይደለም አለች።"

"አይቀጥንም" አለች ወለተሐና።

"ጨውስ፣ ልክ ነው?"

ደሃቦ ወለተሐናን አየቻት። አሁን ደሃቦ «ሁለት ጊዜ ገብቶበታል» ብትል የወለተሐና ሥራ እዚሁ ያበቃ ነበር።

"ልክ ይሆናል" አለች ደሃቦ። "አንተ ሂድና ተምሩን አድል። ወንድ ወጥ ቤት ሲገባ ወጥ ያራል።"

ጉሌድ እየሳቀ ሄደ።

"ውሃ ብንጨምርስ?" አለች ወለተሐና በሹክሹክታ።

"ይቀጥናላ። አሁን ጉሌድ ምን አለሽ?"

"ድንች?"

"ድንች ለመብሰል ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፣ አባዮ።"

ወለተሐና ማንኪያ አነሳች። ከድስቱ ዳር ጥቂት ጨለፈችና እፍ አለችበት። የዓሳው ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። በልቧ "አንተ ታውቃለህ" ብላ ወደ አፏ ስታቀርበው ደሃቦ ክንዷን ያዘች።

"ተዪ።"

"ምን ላድርግ ታዲያ?"

"ያንቺ ጾም ገና ወር አለው። የኔ ዛሬ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይፈታል።" ማንኪያውን ቀማቻት። "ሼኹ ለአብሳይ ፈቅደዋል። ምላስ ጫፍ ላይ አድርጎ መትፋት።"

"ታዲያ እስካሁን ለምን..."

"አምና እንዲሁ ስል ዋጥኩት። ያንን ቀን ከዒድ በኋላ ብቻዬን ጾሜ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ፈራሁ።"

ደሃቦ ቢስሚላህ ብላ የማንኪያውን ጫፍ በምላሷ ነካች። ወዲያው ጎንበስ ብላ መታጠቢያው ላይ ተፋች። አፏን ሦስት ጊዜ ተጉመጥምጣ ተፋች። በሻሿ ጫፍ ከንፈሯን ጠረገች።

"ጨው ያንሰዋል" አለች።

ወለተሐና የሰማችውን አላመነችም። "ያንሰዋል?"

"ያንሰዋል።"

"አንድ ማንኪያና ያንቺ እፍኝ ገብቶበት? ዓሳውስ?"

"ዓሳው ጭስ እንጂ ጨው የለውም። ባቄላ ደግሞ ጨው ይበላል። አምቡሎ ሠርተሽ አታውቂም።"

ወለተሐና ፊቷን አጥብቃ አየቻት። ከዚያ ፊት ምንም ማንበብ አልቻለችም፤ የደከመ፣ የጾመ ሰው ፊት ነው። ስድስት ዓመት ሽንኩርት የላጠች ሴት። ወጥ ቤቱ ዛሬ ማታ የሷ ሊሆን የሚችል ሴት። እንግዶቹ አንዴ ቀምሰው ሳህኑን ቢገፉት፣ ማን ጨመረው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዋናዋ አብሳይ ናት ይባላል፤ በቃ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"የቀመስኩትን ነገርኩሽ" አለች ደሃቦ። አልተቆጣችም፤ አልለመነችም። "ድስቱ ያንቺ ነው።" ዞር ብላ ሳህኖቹን ከመደርደሪያ ማውረድ ጀመረች።

ከሩቅ አንድ መስጊድ ድምፅ ማጉያውን ሲሞክር ተሰማ። ወለተሐና የጨው ዕቃውን ከፈተች። ባትጨምር፣ የሆነው ሁሉ የራሷ ጥፋት ይሆናል። ትንሽ ብቻ ብትቆነጥር ደግሞ ደሃቦን አመነቻትም አላመነቻትም አይባልም። ጣቶቿ ቆንጥረው ለአፍታ ቆሙ። ከዚያ ቆንጥራ የያዘችውን ወደ ዕቃው መልሳ ማንኪያ አነሳች።

"ስንት?" አለች።

ደሃቦ ሳህን እንደያዘች ቆመች። "ግማሽ ማንኪያ።"

ወለተሐና ግማሽ ማንኪያ ሰፈረች። ጠርዙ ላይ የተረፈውን አላራገፈችም፤ እንዳለ ድስቱ ውስጥ ጨመረችና ከሥር ከሥሩ እያማሰለች፣ "ሳህኑን አቅርቢልኝ" አለች።